በዳሞት መንገድ ላይ ስለሚነገሩ ትናንሽ ሐሰቶች

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ተራራው ከፍታ፣ ስለ ወንዙ ጥልቀትና ስለ አየሩ ጠባይ መተረክ ልማዳቸው ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን ወርዶ በደጀን የሚወጣ መንገደኛም ስለ ዓባይ በረሃ ብቻ ደብተር የሚሞላ ነገር አያጣም። እኔ ግን ዓይኔ ከገደል ይልቅ በሰው ፊት ላይ፣ ጆሮዬም ከወንዝ ጩኸት ይልቅ በሰው አንደበት ላይ ማረፍ ስለሚወድ፣ ባለፈው ታኅሣሥ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ በሄድሁ ጊዜ በማስታወሻዬ ውስጥ በዝቶ የተገኘው ነገር ሰዎች ከማለዳ እስከ ምሽት የሚለዋወጡት ትንሽ ትንሽ ሐሰት ሆነ። ሐሰት ስል ከዐሠርቱ ቃላት አንዱ የከለከለውን፣ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ማለቴ አይደለም፤ ለዚያ ዳኛም ንስሐ አባትም አለው። የእኔ ነገር «በልቻለሁ» የሚለው፣ «ደርሰናል» የሚለው፣ «ምንም አልል፣ ደኅና ነኝ» የሚለው፣ ከአፍ ሲወጣ ተናጋሪውም ሰሚውም ሐሰት መሆኑን እያወቁ የሚቀባበሉት፣ ነገር ግን ቢቀር ኑሮ የሚጎረብጥበት ቃል ነው።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት «ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ እኔም ያ አንድ ሰው ለመሆን ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ሮጬ ብገባ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ከተቀመጡ ሁለት ሴቶችና ከአንድ ሽማግሌ በቀር መኪናው ባዶ ነው። ሽማግሌው ነጭ ጥምጥማቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው፣ ጭራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ በፊቴ ላይ የወጣውን ቁጣ ሲመለከቱ ቆዩና «ተቀመጥ ልጄ፣ ልጁ እንኳ አልዋሸም» አሉኝ። በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ፣ አሁን በአንድ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ መሆናቸውን ኋላ በጨዋታ መካከል ተረዳሁ። «እንዴት አልዋሸም፣ የኔታ?» ብላቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ በጉባኤ ቤት ንባብ ሲነበብላቸው የሚያፍታቱ መምህር መስለው እንዲህ አሉ፦ «አንድ ሰው አለ፦ በየወንበሩ አንድ አንድ ሰው ሲል ነው። አንድም፦ እኛ የገባነው ከቁጥር አልገባንም፤ ሰው የሚባለው መኪናውን የሚያስነሣው የመጨረሻው ነውና እርሱን ይጠራል። አንድም፦ ለሚመጣው ለእያንዳንዱ የቀረው እርሱ ራሱ ነው፤ አንተስ ስትሮጥ የጎደለው ሰው እኔ ነኝ ብለህ አልነበረም?»

ሦስተኛው ትርጓሜ ደረሰብኝና መልስ አጣሁ። ሰው ምንም ያህል ትሑት ቢሆን ዓለም እርሱን ጠብቃ እንደ ቆመች በልቡ ሳያምን አይቀርም፤ ረዳቱም ይህን የባሕርያችንን ምሥጢር ከየትኛውም ፈላስፋ ሳይማር ያውቃል፤ እንጀራውንም ይበላበታል። መኪናው የተንቀሳቀሰው ያ «አንድ ሰው» ደጋግሞ ሥጋ ለብሶ፣ ደጋግሞ ተሳፍሮ፣ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ በሞተሩ ክዳን ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

በአገራችን መኪና ውስጥ ስለ መስኮት የሚደረገው ክርክር ራሱን የቻለ ድርሳን የሚወጣው ነው። አማኑኤልን አልፈን ፀሐይዋ ስትበረታ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ወጣት መስተዋቱን አንድ ጣት ያህል ቢከፍተው፣ ከኋላ ወንበር «ዝጋው እባክህ፣ ሕፃን ይዘናል!» የሚል ድምፅ መጣ። ዘወር ብዬ ሕፃኑን ብፈልግ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በጥግ ካንቀላፋ ጢማም ጎልማሳ በቀር ለሕፃንነት የሚቀርብ ሰው አላየሁም። ነገር ግን «ሕፃኑ የታለ?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ወጣቱም ያለ አንዳች ቃል ዘጋው። «ነፋስ ፈራሁ» ማለት ለጎጃም ወንድ የማይሞከር ኑዛዜ ስለ ሆነ፣ ስለ ሕፃናት ሲባል መስኮት ይዘጋል፤ ስለ ሕፃናት ሲባል ሁላችን በላብ እንጠመቃለን፤ ደምበጫንም ጅጋንም ያየኋቸው ትንፋሻችን ባለበሰው መስተዋት ውስጥ ነው።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቀድሞ ወጀት ትባል እንደ ነበረና የዛሬውን ስሟን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደ ሆኑ አገሬው ይናገራል። ባጃጁ፣ ቡና ቤቱ፣ በቆሎ ጭኖ በዋናው መንገድ ላይ የሚያጓራው ከባድ መኪና ሌላም ከተማ ስላለ አላቆያችሁም። በታኅሣሥ ወራት ግን በየግቢው ተሰጥቶ የሚደርቀው በርበሬ አየሩን ስለሚይዘው፣ እንግዳና አገሬው ያለ መታወቂያ ወረቀት ይለያሉ፤ እንግዳው ያስነጥሳል፣ አገሬው «ይማርህ» ይላል።

የሄድሁበት ጉዳይ በጃቢ ጠህናን ገጠር የሚኖሩትን የአንድ ወዳጄን ወላጆች መጠየቅ ነበርና፣ በማግሥቱ ባጃጁ እስከሚችለው ቦታ አድርሶ ጥሎኝ ሲመለስ ከመንገዱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ከፊቴ አንድ ገበሬ መጣ፤ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰ፣ ዱላውን በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ አጋድሞ ክንዶቹን የሰቀለበት፣ ባቱ የተገመደ ሰው ነው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የምሄድበትን ስፍራ ጠርቼ «ሩቅ ነው ወይ ጋሼ?» ብለው፣ እጁን ከዱላው ሳያወርድ በአገጩ ወደ ሰማይ ጠርዝ እያመለከተ «ኧረ እዚህችው ናት! ያችን ዋርካ አለፍ እንዳልህ» አለኝ። ዋርካዋን አለፍሁ። ከዋርካዋ በኋላ ሌላ ሜዳ፣ ከሜዳው በኋላ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ አቀበት መጣ። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ እናት ባገኝ «እሜቴ፣ ብዙ ይቀረኛል?» አልኋቸው። «ምን ብዙ፣ ደርሰሃል እኮ የኔ ልጅ፤ እዚህችው ናት» አሉኝ፤ ፊቴንም አይተው «አይዞህ» ጨመሩልኝ። አቀበቱ ላይ ከብት የሚጠብቅ ትንሽ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ያንኑ ጥያቄ ብጠይቀው ከእግሬ ጫማ እስከ ራሴ ተመለከተኝና «ኡ! ገና ነው! በዚህ አካሄድህማ ይመሽብሃል!» ብሎ ሳቀ።

ባላገር ርቀት አያውቅም እያሉ የሚተርቱ ከተሜዎች አሉ፤ ይህ ግን ከስንፍና የመጣ ነገር ነው። ማዳበሪያ በትከሻው ተሸክሞ በዚያው መንገድ የሚመላለስ ሰው ርቀቱን በእግሩ ጅማት ያውቀዋል። ነገር ግን ላብ ያሰመጠው መንገደኛ ሲጠይቀው፣ የሰዓቱን ቁጥር ቢነግረው የሚከተለውን አስቀድሞ ያያል፤ መንገደኛው ከድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ አይነሣም፣ ካልተነሣ ይመሽበታል፣ ከመሸበት የጅብ ነው። ስለዚህ መንገዱን በአፉ ያሳጥርለታል። እውነቱን የነገረኝ ሕፃኑ ነው፤ እርሱም ቢሆን በእውነት ወዳድነት እንዳይመስለን፤ የሰው ድካም ገና ያልገባው ስለ ሆነ እንጂ ሲያድግ እርሱም «እዚህችው ናት» ማለቱ አይቀርም። የሆነ ሆኖ እንደ ልጁ ቃል ሊመሽብኝ የቀረው ጥቂት ነበር፤ ያ ጥቂቱም የተገኘው በሁለቱ ሐሰተኞች ቃል ስለ ፈጠንሁ ነው።

የወዳጄ አባት አውድማ ላይ ሆነው ጤፍ ሲያስወቁ ደረስሁ። «ያበርክት!» ብዬ ቀረብሁና ሰላምታው ተጀመረ፤ እርሱም የጎጃም ሰላምታ ስለ ሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አልነበረም። እንዴት ከረሙ፣ ጤናው፣ ቤተ ሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ባርኔጣቸውን ነካ እያደረጉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና» ይላሉ። ወደ ቤት ገብተን ጠላው ከቀረበና ሁለተኛው ዋንጫ ከተጋመሰ በኋላ ግን፣ ከጥማዱ አንዱ በሬ በኅዳር ገደል ገብቶ እንደ ሞተ፣ ባለቤታቸውም ከመስከረም ጀምረው ጎናቸውን እንደሚያማቸው፣ የበቆሎውንም እኩሌታ ዝንጀሮ እንደ በላው በየተራ ነገሩኝ። እንግዲህ ደብረ ማርቆስ ያገኘኋቸው መሪጌታ ቢኖሩ ይህንንም ባፍታቱት፤ እኔ ግን እንደ መሰለኝ ሰላምታና ወሬ በባላገሩ ዘንድ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ናቸው። ሰላምታው ስብሐት ነው፤ መልሱ የሚሰጠው ለጠያቂው ሳይሆን ከጣራው በላይ ሆኖ ለሚሰማው ስለ ሆነ፣ በሬ ሞተብኝ ብሎ በዚያ ሰዓት መክሰስ ነውር ነው። ወሬው ግን ለሰው ነው፤ ለሰውም እንኳ ቢሆን ከጠላ በኋላ ነው።

ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበረ፤ ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ብዙ ስለ ቆየ በጾም ማመካኘት አልቻልሁምና፣ ከጧት ጀምሮ ከአንዲት ዳቦ በቀር ያልቀመስሁ ሰው «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁ» ብዬ የእንግዳውን ድርሻ ተወጣሁ። እመቤቲቱም ያማቸዋል የተባለውን ጎናቸውን ደግፈው ተነሡና «ምን የሚበላ አለ ብለህ ነው፣ እንዲያው ወጥም ሳይኖር፣ ባዶውን እንጀራ ነው የምንሰጥህ» እያሉ፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሥልጆውን፣ የሱፍ ፍትፍቱን ደርድረው ባዶው እንጀራ እስከማይታይ ድረስ ሸፈኑት። እኔ በልቻለሁ ብዬ በረሃብ፣ እርሳቸው ምንም የለም ብለው በጥጋብ ተያየን። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀና ባልሁ ቁጥር «በሞቴ!» ይላሉ፣ እጄን በሰበሰብሁ ቁጥር «አፈር ስሆን!» ይላሉ፤ አንዲት እናት በአንድ ማዕድ ላይ ስንት ጊዜ ሞታ ስንት ጊዜ እንደምትነሣ የሚቈጥር ጸሐፊ ባለመኖሩ እንጂ የሰማዕታት ቁጥር በበዛ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጨክኜ ጉርሻውን አልቀበልም ብል፣ ባለቤቱ ከመደቡ ላይ ሆነው «ተው፣ ልትገድላት ነው?» አሉኝ፤ ፊታቸውም አልሳቀም።

ማታ እሳቱ ዳር ተቀምጠን ሳለን በከተማ ሰው የማወቅ ምኞት ተነሣሥቼ፣ ስንት ከብት እንዳላቸው ጠየቅሁ። «ያው እግዚአብሔር የሰጠን ጥቂት ናቸው» አሉኝ። ጤፉስ ስንት ኩንታል ይወጣዋል? «እሱ ነው የሚያውቅ»። ልጆችዎ ስንት ናቸው? «አሉ፣ ይመስገነው»። የወዳጄን እኅትና ወንድሞች አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራሁ የማውቅ ሰው ስለ ሆንሁ፣ አባታቸው ቁጥራቸውን ከእኔ መደበቃቸው መጀመሪያ አስገረመኝ፤ ኋላ ግን ሳስበው ይህ ሐሰት ሳይሆን አርምሞ ነው፤ አርምሞውም ሁለት መምህራን አሉት። አንዱ መጽሐፍ ነው፤ ዳዊት ሕዝቡን ቈጥሮ በአገሩ ላይ መቅሠፍት እንደ ወረደ በካልእ ሳሙኤል ተጽፏልና። ሁለተኛው መንግሥት ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፣ የጎጃም ገበሬ መሬቱን ለሚገምቱ ሹማምንት «አይለካም፣ አይቈጠርም» ብሎ ጠመንጃ እስከ ማንሣት እንደ ደረሰ፣ ጦርም አይሮፕላንም እንደ መጣበት፣ በመጨረሻም መንግሥት ራሱ እንዳመቻመቸ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። በዚያ ዘመን «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ደብተር የያዘ እንግዳ ነበር። እኔም ደብተር ይዤ ነበርና፣ ቀስ ብዬ ወደ ኪሴ መለስሁት።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። ከመኪና ወርጄ ሻይ ስጠጣ ለቀልድ ያህል አንዱን ወጣት «የቦጋለ መብራቱ ቤት የት ነበረ?» አልሁት። ያለ አንዳች ማመንታት ተነሥቶ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ባሕር ዛፎች አሳየኝ። «ከዚያ ሥር ነበር፤ አሁን ፈርሷል።» ታውቃቸዋለህ ወይ ብለው፣ «እኔ አልደረስሁባቸውም፤ አያቴ ግን ያውቋቸው ነበር» አለኝ። መጽሐፉን አንብቦ እየቀለደብኝ እንደ ሆነ፣ ወይስ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን እንዳይመለስ አዝኖልኝ እንደ ሆነ ፊቱን ባጠናው አልለይ አለኝ። ሊቁ ደራሲ ያልኖሩ ሰዎችን ፈጥረው ይህ ሁሉ አንባቢ በእውነት እንዲያለቅስላቸው ካደረጉ፣ ልጁ አንድ ጎጆ ቢጨምርላቸው ሊወቀስ አይገባውም፤ እኔም ባሕር ዛፎቹን በሚገባ ተመልክቼ አመሰገንሁት።

ቡሬ መንገድ የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። የመንገድ መክፈያ ሁልጊዜ የጦር ሰው ዓይን ያርፍበታልና፣ ኢጣሊያኖች በዚህች ከተማ ጠንካራ ምሽግ ነበራቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው በገቡ ጊዜ፣ በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራውና ከሱዳናውያንና ከኢትዮጵያውያን የተውጣጣው ጦር መደበኛ ወታደሩ ከሁለት ሺህ አይበልጥም ነበር፤ በቡሬና በአካባቢዋ የነበረው የኮሎኔል ናታሌ ሠራዊት ግን ብዙ እጥፍ ነበር። ዊንጌት መጽሐፍ አንባቢ ስለ ነበረ ጦሩን የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰየመው፤ ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰው፣ በቀንደ መለከትና በባዶ ማሰሮ የምድያምን ሰፈር እንዴት እንዳሸበረ በመጽሐፈ መሳፍንት ያነበበ ሰው የስያሜውን ምክንያት ያገኘዋል። በሌሊት ከዚህም ከዚያም እየተኰሰ ብዙ መስሎ ታየ፤ የጎጃም አርበኞች ለዓመታት እንቅልፍ የነሡት ናታሌም የከበበው ታላቅ ጦር መስሎት የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሄደ። ከዚያው ዘመቻ ሌላም ይተረካል፤ ኢጣሊያኖች ጥለውት በሄዱት አንድ ምሽግ ስልክ ቢደወል፣ ኢጣሊያንኛ የሚያውቅ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አንሥቶ፣ ዐሥር ሺህ የእንግሊዝ ወታደር እየመጣ ነውና አምልጡ ብሎ መለሰ ይባላል። ሐሰት በመጠኑ ሲያድግ ስሙ የጦር ስልት ይሆናል፤ ጸሐፊዎቹም በአድናቆት ይመዘግቡታል፤ የረዳቱን «አንድ ሰው» ግን እስካሁን የመዘገበለት አልነበረም።

እስከዚህ የጻፍሁት ሁሉ፣ የጦርነቱን ትቼ፣ ለሌላው ሰው የሚሰጥ ሐሰት ነው። በቡሬ ገበያ ግን ወደ ተናጋሪው ኪስ የሚመለስ አጋጠመኝ፤ ይህንንም ሸፍኜ ማለፍ አግባብ አይመስለኝም። የቡሬ በርበሬ በአገራችን ስም ያለው ስለ ሆነ ለቤት ይዤ ልግባ ብዬ፣ ጆንያዋን ከፊቷ ገልጣ ከተቀመጠች አንዲት ሴት ዘንድ ቆምሁ። ነጋዴው በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ ይገዛል፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ በኪሎ ይለምናል። ዛላ በርበሬ ሲፈተሽ በጆሮ ነው፤ ጥሩ የደረቀው ሲነቀንቁት ፍሬው ከውስጥ ይንሿሿል፣ በጣት ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የተረጨበት ግን ድምፅ የለውም፣ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ከላይ ያነሣሁት ዛላ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ቀጭ አለ። እጄን ወደ ጆንያው ሥር ሰድጄ ያወጣሁት ግን ያለ ድምፅ ታጠፈልኝ።

«ይህስ እርጥብ ነው፣ እናቴ።»

«የጤዛ ነው፣ ሆዴ። ሌሊት ተጉዤ መጥቼ።»

ዋጋውን ጠራች። እኔም በተራዬ፣ ፍኖተ ሰላም በዚህ እኩሌታ ሲሸጥ አይቻለሁ አልኋት፤ በፍኖተ ሰላም የበርበሬ ዋጋ የጠየቅሁት ሰው የለም። እርሷ ለአንተ ስል በኪሳራ ነው አለች፤ እኔ እሄዳለሁ ብዬ ሦስት እርምጃ ያህል ሄድሁ፤ እርሷም ሂድ አላለችም፣ ና አላለችም። ሥርዓቱን ሁለታችን የምናውቀው ስለ ሆነ ተመልሼ ቆምሁ። ዋጋው በእኔ በኩል ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ዓይኗን አጥብባ ተመለከተችኝና «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ? ፊትህ የማውቀው ሰው መሰለኝ» አለችኝ። አባቴ ከደጋ ዳሞት ነው አልሁ። አገሩንና የአያቴን ስም አስጠራችኝ። እጇን በአፏ ላይ ጫነች፤ ለካ እናቷ በዚያው በፈረስ ቤት በኩል ኖራለች፣ የእናቷም አጎት ከአያቴ ጋር በአንድ ደብር ጽዋ ይጠጡ ነበር። «ታዲያ ወንድሜ አይደለህምን? ምነው ባይተዋር አደረግኸኝ!» ብላ ተነሥታ ጉንጬን ሳመችኝ፤ አጠገቧ ያሉትም ሻጮች «እንኳን ተገናኛችሁ» አሉን።

ከእኅት ጋር በበርበሬ ዋጋ መከራከር በየትኛው ሕግ ይቻላል? መጀመሪያ የጠራችውን ዋጋ ሳላጎድል ከፈልሁ። እርሷም ሚዛኗን አንሥታ፣ ምርቃቱን ሁለት እጅ ሙሉ ከጆንያው ሥር፣ ከጤዛው በኩል ዘግና ጨመረችልኝ።